በቁሜ የተለቀሰልኝ ማለዳ

ባለፈው ሳምንት ገና ሳይነጋ ስልኬ ጮኸ። እዚህ በስደት ባለንበት ከተማ፣ ፉሩሴት በሚባል ሰፈር የምትኖር አንዲት የሀገራችን ሴት ወንድሟ አዲስ አበባ አርፎ ኖሯል። ወደ ሥራ ሳትወጣ መርዶውን ሊነግሯት ነውና «አንቺም ነይ፣ ዳቦ ያዢ» አሉኝ። ሄድኩ። ጥቁር ለብሰን ደረጃው ላይ ቆመን፣ ደወሉን ማን ይጫን እያልን በሹክሹክታ ስንገፋፋ ወደ ኋላ አልኩ። ዳቦውን ለአጠገቤ ሴት ሰጥቼ ተቀመጥኩ። አመመሽ ወይ አለችኝ። እኔ እንዲህ ያለ ደረጃ ላይ ቆሜ የራሴን መርዶ ሰምቻለሁ።

ነገሩ ከሆነ አሥራ ስድስት አሥራ ሰባት ዓመት አልፎታል። ሃያ ዓመት ሞልቶኝ ነበር። ሃውገሩድ ሰፈር ከሚገኙት ፎቆች በአንዱ ከእናቴ ጋር ሁለት ሆነን እንኖራለን፤ አባቴ በልጅነቴ ሞቷል፣ እሷ ባርነሃገ በሚሉት መዋዕለ ሕፃናት ልጆች እየጠበቀች አሳደገችኝ። ሰው ሁሉ ወንድ ልጅ ብሎ ነው የሚያውቀኝ። እኔ ግን ሴት መሆኔን ያላወቅኩበት ጊዜ ትዝ አይለኝም። የዚያን ጊዜ ስሜን እዚህ አልጽፈውም፤ ስሙን ያወጣችው እናቴ ናት፣ ለእሷ ትቼላታለሁ።

መጀመሪያ የነገርኩት ለሐኪሜ ነው። እዚህ ሀገር ለእያንዳንዱ ሰው አንድ የሰፈር ሐኪም ይመደብለታል፤ ፋስትለገ ይሉታል። የእኔው ከልጅነቴ የጉሮሮ ሕመም ጀምሮ የሚያውቀኝ፣ ፉሩሴት የሚሠራ ሽማግሌ ነበር። የሆዴን ሁሉ ስዘረግፍለት መነጽሩን አወለቀ። እንዲህ ያለ ታካሚ ገጥሞት እንደማያውቅ፣ ግን አንብቦና ሰው ጠይቆ እንደሚጠብቀኝ ሳያፍር ነገረኝ። ምን ብሎ ቢጠራኝ እንደምወድም ጠየቀኝ። «ማርታ» አልኩት። ስሙን ጮክ ብዬ ስናገረው የመጀመሪያዬ ነበር። በሚቀጥለው ቀጠሮ ደም ሊወስድ፣ ወደ ሆስፒታልም ሪፈር ሊጽፍልኝ ተስማማን። ስወጣ ግን፣ መንገዱ ረጅም ነውና ቤት ውስጥ የሚያውቅልኝ ሰው ቢኖር ጥሩ ነው አለኝ። ቤቴ ማለት እናቴ ናት። እሷን ካጣሁ ሕክምናው ለምኔ ነው?

ለእሷ መናገር አቃተኝ። ለጋሽ ታደሰ ነገርኩት። ጋሽ ታደሰ የአባቴ ጓደኛ ነው፤ ሠርግም ሆነ ለቅሶ እሱ ከሌለበት አይደምቅም። ሰምቶኝ ሲያበቃ፣ እንዲህ ያለ ከባድ ነገር በአንድ አፍ አይነገርም አለ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፣ ምን አደርጋለሁ። ደጉ ሰውዬ ከባድ ነገር የሚነገርበት አንድ መንገድ ብቻ ነበር የሚያውቀው። ያን ሌሊት እሱ ቤት አሳደረኝ፤ ጠዋት ከሚስቱና ከሁለት ጎረቤቶች ጋር፣ እናቴ ወደ ሥራ ሳትወጣ ደረሱባት። እኔ እስክጠራ ከታች ደረጃው ላይ ቆይ ተባልኩ።

ኅዳር ነበር። በኅዳር እዚህ ጠዋቱም ጨለማ ነው፤ ዝናብ ይሁን በረዶ የማይለይ ነገር ይወርዳል። ከአልናብሩ የጭነት ባቡር ጣቢያ ፉርጎዎች ሲጋጩ ይሰማል። የደረጃው መብራት ሰው ካልተንቀሳቀሰ ይጠፋል፣ እኔ ደግሞ መንቀሳቀስ ፈርቻለሁ። ጨለማው ውስጥ ሆኜ ደወሉ ሲጮህ፣ በሩም ሲከፈት ሰማሁ። ከዚያ ምንም። ለካ እናቴ ስትከፍት ያየችው ጥቁር የለበሱ አራት ሰዎች ነው፤ ልጇ ደግሞ ቤት አላደረም። ማንም ሳይተነፍስ ገባት።

ጩኸቷ ዛሬም ከጆሮዬ አልወጣም። ስሜን እየጠራች፣ ደረቷን እየደቃች፣ ምነው እኔን በደፋኝ ትላለች። ጋሽ ታደሰ አልሞተም ይላል፤ ማን ይስማው። ሮጬ ወጣሁና በሩ ላይ ቆሜ «እማ፣ አለሁ» አልኳት። ተነስታ ፊቴን በሁለት እጇ ዳበሰችው። ያኔ ጋሽ ታደሰ የመጣበትን ነገር እዚያው ዘረገፈው። እጆቿ ቀስ ብለው ከፊቴ ላይ ወረዱ። ተመልሳ ተቀመጠችና ለቅሶዋን ካቆመችበት ቀጠለች።

ሬሳ የሌለው ለቅሶ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ጩኸቱን የሰማ ለሌላው እየደወለ፣ ከሰዓት በኋላ ቤቱ ሞላ። ፍራሽ ተነጠፈ፤ የንፍሮው እንፋሎት መስኮቱን አለበሰው። ነገሩን ያወቁት አንገታቸውን ደፉ፣ ያላወቁት አለቀሱ። የት ልሂድ? ወጥ ቤት ገብቼ ሳህን አጥብ ጀመር። ከሩቅ ሰፈር የመጡ አንዲት እናት ረጅም ፀጉሬን አይተው የሟች እህት መሰልኳቸው። ትከሻዬን ይዘው «እግዚአብሔር ያጽናሽ የኔ ልጅ፣ ወንድም ማጣት ከባድ ነው» አሉኝ። ከወገኖቼ መካከል ሴት አድርገው ያዩኝ የመጀመሪያዋ ሰው እኚህ ናቸው፤ እሱም ለሞቴ ሊያጽናኑኝ። የያዝኩትን ሳህን አስቀመጥኩ። አሜን አልኳቸው።

ከዚያ በኋላ እናቴ አላናገረችኝም። የሠራሁትን ትበላለች፣ እኔን ግን አታይም። የቀጠሮዬ ቀን ስወጣ ጥቁሯን ለብሳ ተከተለችኝ። ባቡሩ ውስጥ ፊት ለፊቴ ተቀምጣ፣ ጨለማው መስኮት ላይ የወጣውን መልኬን ስታይ ነበር። ሐኪሙ ጋ ስንደርስም ከጥግ ተቀመጠች። እሱ ከበሩ ብቅ ብሎ «ማርታ» አለ። ተነሳሁ። እናቴ ዙሪያዋን ቃኘች፤ ከእኔ ሌላ የተነሳ ሰው የለም። ተነስታ ተከተለችን።

ደም ሊወስድ ክንዴን ሲያስር እጁን ለቀም አደረገችው። እኔን ሳታይ፣ በአማርኛ ተናገረች።

«ንገሪው። አንዱን አልቅሼ ጨርሻለሁ። ይቺን ደግሞ እንዳይገድልብኝ።»

ቃል በቃል ነገርኩት። ሽማግሌው ለዛሬ የሚሠራው ደምና የደም ግፊት ብቻ መሆኑን፣ ወደፊትም እያንዳንዱን ነገር ራሱ እንደሚከታተል ረጋ ብሎ አስረዳት። እጁን ለቀቀችና የእኔን ያዘች።

ዛሬ ማርታዬ ትለኛለች። ግን ድንገት «ወንድምሽ ይሄን ይወድ ነበር፣ ነፍሱን ይማረው» የምትልበት ቀን አለ። ድሮ እጣላት ነበር፤ አልሞትኩም እኮ፣ እኔ ነኝ እላታለሁ። አውቃለሁ ትለኛለች። ያመኛል፣ አልዋሽም። ግን ያን ሳምንት ባታለቅስ ኖሮ እጄን የምትይዝ አይመስለኝም። ባለፈው ሳምንት ከመርዶው ስመለስ እሷ ጋ ገባሁና፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ያ ልጅ ምን ዓይነት ልጅ እንደነበር ጠየቅኳት።

«ጥሩ ልጅ ነበር» አለችኝ። «ሁልጊዜ ይፈራ ነበር እንጂ። አንቺ አትፈሪም።»

እፈራለሁ። ግን አልነገርኳትም።