ረቡዕ ያልተነገረው ጣሪያ

የቤት ምርመራ ቢሮ ውስጥ ሥራ የጀመርኩት ዘጠነኛ ክፍልን በጨረስኩበት ክረምት ነው። ቢሮው ሎስ አንጀለስ፣ ፌርፋክስ መንገድ ላይ፣ ከአንድ ልብስ ሰፊ ሱቅ በላይ ያለ ባለ አንድ መስኮት ክፍል ነው። አለቃዬ ጋሼ ታደሰ ጠረጴዛው ላይ አንድ ብረት አስቀምጠው ጠበቁኝ። ስስ ነው፣ ከክንድ ያጥራል፣ መሐሉ ላይ ይጠመዘዛል፣ ቀዳዳ በቀዳዳ ነው።

«ይሄ ምንድን ነው?» አሉኝ።

«ብረት።»

«ብረትነቱንማ እኔም አየሁ። ምን ይሠራል?»

«ሥዕል መስቀያ?»

አልሳቁም። ብረቱን አንስተው አንዱን ጫፍ ግድግዳው ላይ፣ ሌላውን በአየር ላይ ያዙት። «ስትራፕ ይባላል። ጣሪያውን ከግድግዳው ጋር ያስራል። ሰው ሃሪኬን የሚሉት የባሕር አውሎ ነፋስ ቤትን የሚገፋ ብቻ ይመስለዋል። ቤት የሚያፈርሰው ግን ጣሪያውን ከሥር ሲያነሳው ነው። ጣሪያው ከሄደ ግድግዳ ብቻውን አይቆምም።» ከዚያ ቀዳዳዎቹን አስቆጠሩኝ። እያንዳንዱ ቀዳዳ አንድ ሚስማር ይፈልጋል። የመጀመሪያው ቀን በዚህ አለቀ።

ጋሼ ታደሰ ቴክሳስ ውስጥ፣ ከሂዩስተን ወረድ ብሎ ባሕሩ ዳር ብዙ ዓመት ጣሪያ ሲያቆሙ ኖረው፣ በኋላ የቤት መርማሪ ሆኑ። ጉልበታቸው መሰላል እምቢ ሲል ልጃቸው ወዳለችበት ሎስ አንጀለስ መጡ። ደንበኞቻችን ፓርኪንግ፣ ታክሲና ሰው መንከባከብ ላይ የሚሠሩ የእኛው ሰዎች ናቸው። እዚህ ቤት መግዛት አልሆን ሲላቸው እዚያ ባሕሩ ዳር አዲስ ቤት ይገዛሉ፤ አብዛኞቹ ቤታቸውን ያዩት በስልክ ነው።

ሥራው ሦስት ደረጃ አለው። ዳዊት እዚያው ቴክሳስ ሆኖ ከኮርኒሱ በላይ ወዳለው ክፍተት፣ ወደ አቲኩ፣ ይወጣል፣ ፎቶ ያነሳል። እኔ እዚህ ተቀምጬ እቆጥራለሁ። ጋሼ ታደሰ አይተው ይፈርማሉ። ከዚያ እኔ ለደንበኛው ደውዬ ሪፖርቱን በአማርኛ እነግራለሁ። አማርኛ ማንበብና መጻፍ ስለምችል የተቀጠርኩትም ለዚህ ነው።

አቆጣጠሩ እንዲህ ነው። ዳዊት ከፊት በር ጥግ ይጀምርና ወደ ቀኝ እየዞረ የእያንዳንዱን ወራጅ ጫፍ በጠመኔ ቁጥር ጽፎ ያነሳዋል። ወራጅ ማለት ጣሪያውን ተሸክሞ ግድግዳው ላይ የሚያርፈው እንጨት ነው። እኔ ስትራፕ አለው ወይ፣ ሚስማሩ ሙሉ ነው ወይ እላለሁ። ቀጥሎ የጣሪያውን ኮምፔርሳቶ አያለሁ። ከላይ የተመታ ሚስማር ወራጁን ካገኘ ከታች አይታይም። ከሳተው ከእንጨቱ ጎን አየር ላይ ወጥቶ በካሜራው መብራት ያበራል። በመጀመሪያው ሳምንት የሚያበሩት ቆንጆ መስለውኝ ነበር። አንዱን ፎቶ የስልኬ ስክሪን ላይ ላደርገው ስል ጋሼ ታደሰ አይተው «እንጨቱን የሳተ ሚስማር ነው፣ ምንም አልያዘም፣ ምን ያደርግልሻል» አሉኝ።

አንድ የታክሲ ሹፌር ልንደውልለት ሲገባን ራሱ ቢሮ ድረስ መጣ። «ጋሼ፣ አዲስ ቤት እኮ ነው። ዜሮ ማይል መኪና ስገዛ መካኒክ ልጥራ?»

«አሮጌውን ቤት ነፋስ መርምሮታል» አሉት። «አዲሱን ገና ማንም አልመረመረውም።»

«የሲቲው መርማሪ ፓስ አድርጎታል።»

«ስንት ደቂቃ ቆየ?»

ሹፌሩ አላወቀም። ጋሼ ታደሰ ቤቱን የሠራውን ኩባንያ ፎርማን በስልክ ጠየቁት፤ እሱም እዚያ አልነበርኩም አለ። ስልኩን ሲዘጉ ተናደው ይሆናል ብዬ ነበር፤ አልተናደዱም። «እኔም እንደዚያ ሠርቻለሁ» አሉ። «በዚያ ሙቀት ጣሪያ ላይ ሆነሽ የምትመሰገኚው በጨረስሽው ቤት ቁጥር ነው። ስለ ሚስማር ማንም አያመሰግንሽም። ስለዚህ ሰውየው ክፉ አይደለም። ቸኩሎ ነው።»

የአቲክ ፎቶ ብዙ ማየት ሰውን ተጠራጣሪ ያደርጋል። ሰው ቤት ገብቼ ቀና ብዬ ጣሪያውን ሳላይ መቀመጥ ትቻለሁ። ከውጭ ሲታይ ጡቡ ያምራል፣ ሣሩ ተተክሏል፣ በሩ ላይ የአበባ ጉንጉን አለ። ላዩ ላይ ግን አምስት ቀዳዳ ያለው ስትራፕ በሁለት ሚስማር ተንጠልጥሏል። ቤቱ ደግሞ ሽያጩ ሳያልቅ የገዢው ስም ተሰጥቶታል፦ የእገሌ ቤት፣ የእገሊት ቤት።

እትዬ ጽጌ የመጡት በሁለተኛው ዓመቴ ነው። ቫን ናይስ ይኖራሉ፣ ቶራንስ ድረስ ሄደው አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ ይንከባከባሉ፣ እሁድ ከእናቴ ጋር አንድ ቤተ ክርስቲያን ይስማሉ። ጡረታ ሲወጡ የሚያርፉበት ቤት ባሕሩ ዳር ተዋዋሉ። ውላቸው እንደ ሁሉም ውል የመጨረሻ ቀን ነበረው። ገዢ እስከዚያ ቀን ጉድለቱን በጽሑፍ ካሳወቀ ኩባንያው ያስተካክላል፤ እምቢ ካለ ገዢው ቀብዱን ይዞ ይወጣል። ቀኑ ካለፈ ቤቱ እንዳለ የገዢው ነው። የእትዬ ጽጌ ቀን አርብ ነበር።

ፎቶው ማክሰኞ ደረሰኝ። አርባ አራት የወራጅ ጫፍ። ስትራፕ ያላቸው አሥራ ዘጠኝ። ሦስት ጊዜ ቆጠርኩ። ረቡዕ ጠዋት ጋሼ ታደሰ አዩትና ብዕራቸውን አስቀመጡ። «ዛሬውኑ ደውዪ። ነገ ጉድለቱን የሚያሳውቀውን ደብዳቤ ትፈርም። እኔ ነገ ለጉልበቴ ሆስፒታል እገባለሁ።»

ደወልኩ።

«ሳሮንዬ፣ ቆይ ሰውየውን ላስቀምጣቸው» አሉ። ወንበር ሲንቋቋ ይሰማኛል። «እሺ፣ አሁን ንገሪኝ። ቤቴ እንዴት ሆነ?»

ወረቀቱ ፊቴ ነው። ቁጥሩ በቀይ ተከቧል።

«ሪፖርቱን ይዤልዎት እመጣለሁ እትዬ።»

«ደህና ነው ግን?»

«ደህና ነው።»

ማታ ለእናቴ ነገርኳት። እናቴ ደግ አደረግሽ አለች። «ብቻዋን ናት፣ ሥራ ላይ ናት፣ ሽማግሌ ተሸክማ ሳለ እንዲህ ያለ ነገር በስልክ ይነገራል?» አያቴ ሲሞት እናቴ የሰማችው ከዘጠኝ ቀን በኋላ ነው። ቅዳሜ ማለዳ ጎረቤት ተሰብስቦ ነው የተነገራት፤ ስድስት ዓመቴ ነበር፣ አስታውሳለሁ። ክፉ ወሬ የሚነገርበትን ሌላ መንገድ ቤታችን ውስጥ አልተማርኩም። የአርቡን ቀን አነሳሁባት። «ቅዳሜ ሰው ይዘን ሄደን እንነግራታለን። ኩባንያውም ሰው አለበት፣ አንድ ቀን ምን አላት፣ ይረዱናል» አለች። እኔም ማመን ስለፈለግሁ አመንኩ።

ሐሙስ የጋሼ ታደሰ ልጅ ከሆስፒታል ደወለች። ገና ከማደንዘዣው አልነቁም፣ አስቸኳይ ነገር አለ ወይ አለችኝ። የለም አልኳት።

አርብ እትዬ ጽጌ ተደራቢ ሽፍት ገቡ። ቅዳሜ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ እናቴ፣ ሁለት የማኅበር ሴቶችና እኔ የቫን ናይሱን አፓርትመንት ደረጃ ወጣን። ሴቶቹ ነጠላ ለብሰዋል። ማንም ልበሱ አላለም፤ እንዲሁ ለብሰው መጡ።

እትዬ ጽጌ ሻሽ እንዳሰሩ በሩን ከፈቱ። እናቴን አዩ፣ ሁለቱን አዩ፣ እኔን አዩ።

«ማን ነው?» አሉ።

እኛ ሌላዋ እስክትጀምር እርስ በርስ ተያየን።

«ወንድሜ ነው?» አሉና የበሩን እንጨት ይዘው ቁጭ አሉ።

«እትዬ፣ ማንም አልሞተም» አልኩ። «ጣሪያው ነው።»

«የምን ጣሪያ?»

«የቤትዎ።»

እትዬ ጽጌ እጃቸውን ከበሩ አነሱ። ከዚያ እያለቀሱ ሳቁ። መሬቱን ሳሙት። «ጣሪያ። ጣሪያ ነው እንዴ። እናንተ ሴቶች ገደላችሁኝ እኮ።»

«እኔስ በስልክ ይነገራት ብዬ ነበር» አለች አንዷ።

«መቼ ነው ያልሽው?» አለች ሁለተኛዋ። «መኪና ውስጥ ሶፍት ስታድይ የመጣሽው አንቺ አይደለሽ?»

እትዬ ጽጌ አስገቡን፣ ሻይ ጣዱ። ግማሽ ሰዓት ያህል እንደዚያ ደስ ብሏቸው አይቻቸው አላውቅም። ወንድማቸው በሕይወት ነበረ። ጣሪያ ምን ነበር? «ይሠሩታላ» አሉ። «አዲስ ቤት አይደል።» እኔ ስትራፕ ምን እንደሆነ ሳስረዳ በየመሐሉ እሺ የኔ ልጅ፣ እሺ ይላሉ።

ከዚያ ወረቀቱን ተቀበሉኝ። እንግሊዝኛ ቀስ ብለው ነው የሚያነቡት። ቀንና ሰዓት ግን ሥራቸው ነው፤ የሽማግሌውን መድኃኒት በየዕለቱ ይመዘግባሉ። ጣታቸው ከታች ካለው ቀን ላይ ቆመ።

«ይሄ ትናንት ነው።»

«አዎ።»

«ረቡዕ ደውለሽልኝ ነበር።»

«አዎ፣ እትዬ።»

«ደህና ነው አልሽኝ።»

እናቴ «ጽጌ፣ እኛ እኮ እንዳትደነግጪ ብለን» ብላ ጀመረች።

«ቆይ አንቺ። የጠየቅኩት ልጅቷን ነው።» ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። «ሰውየው ቢወድቁብኝ ወዲያው ለነርሷ ካልደወልኩ ከሥራ እባረራለሁ። ብትደነግጥም ባትደነግጥም እደውላለሁ። አንቺ ሦስት ቀን ይዘሽብኝ ቆየሽ።»

 ሻዩን የጠጣ ሰው የለም።

ዘግይተን ለላክነው የጉድለት ደብዳቤ ኩባንያው ሰኞ በትሕትና የተሞላ መልስ ላከ። ቀኑ አልፏል፣ ቤቱ የሲቲውን ምርመራ አልፏል፣ ጉዳት ከደረሰ ያኔ በዋስትናው ይታያል። ጋሼ ታደሰ በምርኩዝ መጥተው ሪፖርቱን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበቡ። ቢጮሁብኝ ይሻለኝ ነበር።

«ቆጠራሽ ልክ ነው» አሉ። «ጽሑፍሽም ልክ ነው። ውሸቱ ስልኩ ላይ ያልሽው ብቻ ነው።»

«ሊያባርሩኝ ነው?» አልኳቸው።

«አይደለም። በየቀኑ መጥተሽ እዚያ ወንበር ላይ ትቀመጫለሽ።»

እትዬ ጽጌ ከውሉ ቢወጡ ቀብዱ ይቀራል፤ ቀብዱ የብዙ ዓመት ቁጠባቸው ነው። ግዢውን ፈረሙ። ዳዊት ሁለት እሁድ አቲኩ ውስጥ ተሳበና ክንዱ የደረሰበትን ሁሉ ስትራፕ አሰረ። ጫፍ ጫፉ ላይ ጣሪያው ዝቅ ስለሚል መዶሻ አይወዛወዝም። አሥራ አንድ ወራጅ እንዳለ ቀረ። ለእነሱ ከውጭ በኩል የጣሪያው ጠርዝ መከፈት አለበት፤ ኩባንያው ደግሞ ሌላ እጅ ከከፈተው ዋስትናው ያበቃል አለ።

አሁን እዚያ ይኖራሉ። ቤቱ እስካሁን ምንም አልሆነም። ግን ቴሌቪዥኑ ባሕሩ ላይ የሚሽከረከረውን የአውሎ ነፋስ ክብ ባሳየ ቁጥር ወረቀታቸውንና መድኃኒታቸውን መኪና ውስጥ ይጭናሉ፤ ሰዓታት ድራይቭ አድርገው ዳላስ ያለች እህታቸው ጋ ይሄዳሉ። ጎረቤቶቻቸው መስኮታቸውን ዘግተው ይቀመጣሉ። ጎረቤቶቻቸው ስንት ወራጅ እንዳልታሰረ አያውቁም።

ከመንገድ ይደውሉልኛል። ለመውቀስ አይደለም፤ ቁጥሩን አውቆ ከእሳቸው ጋር የሚያወራ ከእኔ ሌላ ስለሌለ ይመስለኛል።

«ሳሮን፣ ዛሬም ወጣሁ» ይላሉ።

«መንገዱ እንዴት ነው እትዬ?»

«መንገዱ ደህና ነው።» ከዚያ ይቀጥላሉ። «የማርፍበት ቤት ነበር ያልኩሽ። ደመና ሲመጣ ቀድሜ የምነሳው እኔ ሆንኩ።»

ነሐሴ ላይ ኮሌጅ እገባለሁ፤ ወንበሩን ሌላ ሰው ይይዘዋል። ለሚይዘው ሰው የአደዋወሉን ሥርዓት ጽፌ ግድግዳው ላይ ለጥፌያለሁ። ቆጠራው ባለቀበት ቀን ይደወላል። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ጉድለቱ ነው፤ ሁለተኛው የውሉ ቀን ነው። ሰላምታው ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

ባለፈው ወር በዚህ ሥርዓት የደወልኩላቸው አንድ ሰውዬ ተቆጡ። «ደህና ዋሉ የለም እንዴ? አንቺን ያሳደገ ሰው የለም?»

«የጋራዡ በር ለነፋስ የተሠራ አይደለም፣ ቀኑ ማክሰኞ ያልቃል። አሁን፣ ደህና ዋሉ ጋሼ?»

ለጋሼ ታደሰ ደውለው ከሰሱኝ። ደብዳቤውን ግን ሰኞ ፈርመው ላኩ፤ በሩም ተቀየረ።

ሞት የምናረዳበትን ሥርዓት ለቤት ጉድለት አትጠቀሙበት። የሞት ወሬ ሦስት ቀን ቢዘገይ ሟቹ ላይ የሚጨምረው ነገር የለም። ያልታሰረ ጣሪያ ግን ቀን አለው። ቀኑ የባለቤቱ ነው፤ ይዘን የማቆየት መብት የለንም።