ጋጋኖ ልናይ ስንወርድ

ባለፈው ቅዳሜ የጎረቤቴ ልጅ አንገቷ ላይ ትልቅ መነጽር አንጠልጥላ በሬ ላይ ቆመችና፣ «እማማ፣ በየወሩ ወፍ ልናይ እንወጣለን፤ አዋቂም ጀማሪም ይመጣል። እርስዎስ አይሄዱም?» አለችኝ። ሳቄ መጣ። «አንቺ ልጅ፣ እኔ በየወሩ ወፍ ሳይ እናትሽም አልተወለደች» አልኳትና ጉልበቴን አመካኝቼ ሸኘኋት። በሩን ስዘጋ ግን ሳቁ የት እንደገባ እንጃ።

ጣሊያን ደብረ ማርቆስን በያዘበት ዘመን ነው። ሙሽራ ነበርኩ። ባሌ አለምነው ጠመንጃውን ይዞ ጮቄ ወጣ፣ እኔ ከእናቱ ጋር ቀረሁ። ለጠየቀን ሁሉ «ለንግድ ሄዷል» ነው መልሳችን። አርበኛ ነው ከተባለማ ቤቱ ከነሰው ይቃጠላል፤ ግድግዳውም ጆሮ ነበረው። ስለዚህ ሹሩባዬን ተሠርቼ፣ ቅቤ ተቀብቼ፣ ነጋዴ ባሏን እንደምትጠብቅ ሴት ስስቅ እውላለሁ። ሲመሽ ጉንጬን ያመኝ ነበር።

አያ ሞላ የሚባሉ የድሮ ቆቅ አዳኝ ሰፈራችን ነበሩ። ወፍ የሚወድ አንድ የጣሊያን ሹም፣ ጨሞጋ ወንዝ ዳር ወዳለው ረግረግ ምን ወፍ እንደገባ በየወሩ አይተው እንዲነግሩት የይለፍ ወረቀት ሰጣቸው። እርሳቸውም «ብዙ ዓይን ብዙ ያያል» ብለው የሰፈሩን ሴቶች ለማስከተል አስፈቀዱ። የማርያም ዕለት ማግስት፣ ገና ጎህ ሲቀድ፣ የገብስ ቆሎ በነጠላችን ጫፍ ቋጥረን እንወርዳለን።

እኔ መቼም ወደድኩት! ይብራውን ከርኩሙ፣ ዋኔውን ከእርግቡ ለየሁ። ከሁሉ ግን ጋጋኖ ነበር የሚገርመኝ፤ አንዱ ከተነሳ መንጋው ሁሉ ተነስቶ አገር ያናውጣል። በየወሩ አያ ሞላ አንዷን ሴት ነጥለው ወደ ቄጠማው ይዘው ይገባሉ፤ ጋጋኖው ይነሳል፣ ይንጫጫል። ቆይታ ፊቷን ወንዙ ላይ ታጥባ ትመለሳለች። እኔ ሞኟ ጭቃ ነክቷት ይመስለኝ ነበር።

በመስከረም አማቴ፣ ወጥተው የማያውቁት ሴትዮ፣ «ዛሬ እኔ ልሂድ» አሉ። ሲመለሱ ዓይናቸው ቀልቷል።

«ምን አዩ እትዬ?»

«ጋጋኖ» አሉና ጓዳ ገቡ።

በጥቅምት የኑግ አበባ መንገዱን ግራና ቀኝ ቢጫ አድርጎታል። ረግረጉ ስንደርስ አያ ሞላ «ዛሬ አብረሽኝ የምትገቢው አንቺ ነሽ» አሉኝ። ደስ አለኝ። እንግዲህ አዋቂ ሆንኩ ብዬ ነው። ቄጠማው እስከ ደረታችን ሲደርስ ቆሙ፤ አጨበጨቡ። ጋጋኖው ግር ብሎ ተነሳ። ያኔ ጆሮዬ ሥር ተጠግተው፣

«ልጄ፣ አለምነው የለም። ክረምት ላይ ነው የወደቀው። ከተማ ውስጥ አይለቀስም። ወፎቹ እስኪያርፉ ድረስ አልቅሽ» አሉኝ።

አለቀስኩ። ወየው፣ እንዴት አለቀስኩ! ውሃው ውስጥ ተንበርክኬ፣ ስሙን እየጠራሁ፣ ደረቴን እየደቃሁ። ወፎቹ ሊያርፉ ሲሉ ሽማግሌው ጓል ይወረውሩባቸዋል፤ እንደገና ይነሳሉ። የእርሳቸውም ዕንባ በጺማቸው ይወርዳል። ምን ዋጋ አለው፣ ወፎቹ ሰለቻቸውና ወንዙን ተሻግረው ሄዱ። አገሩ ጭጭ አለ። ነጠላዬን ነከስኩ።

ቤት ስገባ አማቴ ቅቤ አቅልጠው ጠበቁኝ። «ጎረቤት ያያል» ብለው ፀጉሬን ቀቡኝ። ስሙን እርሳቸውም አላነሱ፣ እኔም አላነሳሁ። አንድ ጣራ ሥር፣ አንድ ሰው ሞቶብን፣ ለየብቻችን ተቀመጥን።

ጠላት ሲወጣ ልቅሶ ልቀመጥ አልኩ። አማቴ ሞተዋል። አያ ሞላ ሞተዋል። ሰው ሁሉ የራሱ ሟች አለበት፤ የኔን የቆየ መርዶ ማን ይስማኝ?

ኋላ ሌላ ባል አገባሁ፤ ደግ ሰው ነበር። ወለድኩ፣ ብዙ ሰው ቀበርኩ፣ ለሁሉም ድምፄ እስኪዘጋ አልቅሻለሁ። ለአለምነው ግን ያቺን ያህል ብቻ ነው ያለቀስኩት። የቀረው ልቅሶ አሁንም እዚሁ ደረቴ ውስጥ አለ። እንዳልጨርሰው፣ እሱን የሚያውቅ አንድ ሰው በሕይወት የለም፤ ማንን ጠርቼ ላልቅስ?