ኮቾሮ ያልነው ሃምሳ አለቃ

ባለፈው ሳምንት መብራት ጠፍቶ ነበርና፣ መኪና ግርግር ላይ አንድ ወጣት ልብስ ሰፊ የድሮ የከሰል ካውያ ከጥግ አውጥቶ፣ አመዱን እፍ እያለ፣ የወታደር ሱሪ ሲተኩስ ደረስኩ። እርጥብ ካኪ ላይ ትኩስ ብረት ሲያርፍ የሚወጣው ሽታ፣ ግማሹ ሳሙና ግማሹ የተቃጠለ ክር የሆነው፣ አፍንጫዬን ሲመታው እግሬ ከመሬት ተጣበቀ። መንገዴ ወደ ጊደር መጋላ ነበር፣ በርበሬ ልገዛ። ልጁ ቀና ብሎ የሚሰፋ ነገር እንዳለኝ በትሕትና ቢጠይቀኝ፣ የለኝም ልጄ፣ ሽታውን ላሸት ብዬ ነው አልኩት፤ እሱም «ምስኪን እማማ» የሚል ዐይን አሳይቶኝ ወደ ሥራው ተመለሰ። እማማ መባልን ገና አልለመድኩትም፤ ምን ይደረግ።

መኪና ግርግር ለማያውቀው፣ ጀጎል ውስጥ ከፈረስ መጋላ ወደ ታች የሚወርድ ጠባብ መንገድ ነው። ልብስ ሰፊዎቹ ግራና ቀኝ ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ሲረግጡት የሚውሉት የስፌት መኪና ድምፅ ነው ለመንገዱ ስም የሆነለት። አባቴ አቶ በየነ ከጎረቤቱ ከአው ዩስፍ ጋር አንድ ስስ ግድግዳ ተካፍሎ እዚያ ይሰፋ ነበር። አው ዩስፍ የሚሰፉት የሙሽራ ቀሚስና የሴት ሱሪ ነው፤ አበባ ያለበት፣ ያሸበረቀ፣ ዐይን የሚያጠግብ። የአባቴ ሱቅ ግን ከጣራው እስከ ወለሉ ካኪ ብቻ ነበር፣ ምክንያቱም ያን ዘመን ሐረርን ሞልቶ የሚፈሰው ወታደር ነው፤ ካምፑ የሚያድለው ልብስ ደግሞ ወይ ሁለት ሰው ያስገባል ወይ ለግማሽ ሰው ይጠባል፤ መለዮ ለባሹ ሁሉ ልብሱን በብብቱ ሸጉጦ አባቴ ዘንድ ሳይመጣ ሰው መምሰል አይችልም ነበር።

አባቴ በዕድሜው ጠመንጃ ጨብጦ አያውቅም። በጎረምሳነቱ ሊቀጠር ሄዶ ቁመቱ አንሶ እንደተመለሰ እናቴ ደስ እያላት ትናገራለች፤ እሱ ግን ጠማማ የነበረው የዚያን ዕለቱ መለኪያ ነው ብሎ እስኪሞት ተከራክሯል። በአፉ ግን ከጄኔራል አያንስም። ቤታችን ውስጥ ቁርስ ሬሽን ነው፣ ገበያ መላክ ግዳጅ ነው፣ ወደ መኝታ ስንሄድ «ሰልፍ በትን!» ይለናል፣ እናቴ ደግሞ ጠቅላይ መምሪያ ናት። እሱን ጫማ እንዲገዛልን ስንጠይቀው፣ ጉዳዩ ከአቅሙ በላይ መሆኑን ገልጾ ወደ ጠቅላይ መምሪያ ይመራናል። ጠቅላይ መምሪያም በማማሰያ ትመልሰናለች።

ይህ የአፍ ወታደርነቱ ከሁሉ የጎላው ስም በማውጣት ላይ ነበር። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤ አባቴ መልአኩ ሲደክመው እኔ አለሁለት ይል ነበር። ሱሪውን ሊያስጠብብ የመጣ ወታደር ገና ክንዱን ዘርግቶ ሳይለካ ስሙን ይዞ ይወጣል፤ ያ ስም ደግሞ በማግስቱ ከሻይ ቤቱ እስከ ሸዋ በር፣ ሽንኩርት ከምትሸጠዋ ሴትዮ እስከ ቆሎ አዟሪው ይዳረሳል። ከጠጅ ቤት ጥግ የማይነቃነቀው ምሽግ ተባለ። ክብ ፊት ያለውና ሁልጊዜ የሚጠማው ኮዳ። አንዱ ከሚስቱ ጋር ሳምንቱን ሙሉ ሲጨቃጨቅ ከርሞ እሑድ እሑድ ክንድ ለክንድ ተያይዘው ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ ስለሚታይ ተኩስ አቁም ሆነ፤ ሚስቱም ወይዘሮ ተኩስ አቁም። ከሁሉ የሚያስቀኝ ግን ካርታ ያልነው መቶ አለቃ ነው። ለወታደሮቹ ካርታ ማንበብ ያስተምራል አሉ፤ ጀጎል ውስጥ ግን ከአባቴ ሱቅ ወጥቶ ወደ ፈረስ መጋላ ለመድረስ ሦስቴ እኛኑ አልፎ ነው የሚሄድ፤ ሦስቱንም ጊዜ እንደ አዲስ ሰላምታ ይሰጠናል፤ እኛም ነውር እንዳይሆንበት እንደ አዲስ እንመልሳለን።

ወታደሮቹ አይከፋቸውም ነበር። ከአገር ከቤት ርቆ ለመጣ ሰው ሰፈር ስም ካወጣለት ሰፈር ተቀበለው ማለት ነው፤ እንዲያውም ስም ሳይወጣለት የቆየ አዲስ ወታደር አባቴን በሰው ያስለምን ነበር። ብቻ ከዚህ ሁሉ አንድ ነገር ቀረ። የማንንም እውነተኛ ስም የሚያውቅ በመንገዱ ላይ አልነበረም።

ኮቾሮ የመጣው እንዲህ ስሙ ሁሉ ተሰጥቶ ባለቀበት ሰሞን ነው። ኮቾሮ ወታደር ለግዳጅ ሲወጣ የሚሰጠው ደረቅ ብስኩት ነው፣ ሻይ ውስጥ ካልነከሩት ጥርስ የማይደፍረው። ሰውየውም ረጅም፣ ደረቅ፣ ሳቅ የማያውቅ ሃምሳ አለቃ ነበር። ሌላው ደንበኛ ሱሪው እንዴት ሆነልህ ሲባል እጅህ ይባረክ ብሎ ይወጣል፤ ይሄኛው ግን ግራ እግሩ በትንሽ ያጥራል ጋሼ ይላል። አባቴ ተናዶ ሜትሩን ይዘረጋል፤ እውነትም ያጥራል። አባቴ ሥራውን የሚነቅፍ ሰው አይወድም ነበር፤ ይህን ግን ወደደው፤ የአገሩ ሰው ሁሉ ቢዋሽ ኮቾሮ አይዋሽም እያለ ያመሰግነው ጀመር።

ቀጥሎ የኮቾሮ ቁልፎች ይበጠሱ ጀመር። ታላቅ እህቴ ጥሩወርቅ በየቀኑ ለአባቴ ምሳ ይዛ ትሄዳለች፣ እኔም የወጡን ሰሐን ይዤ እከተላታለሁ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ እዚያው ቆይታ ቁልፍና ዘርፍ ታግዘዋለች። እንግዲህ የሃምሳ አለቃው ቁልፍ የሚበጠሰው ቅዳሜ ብቻ ነው። አባቴ ክሩን ረገመ፣ የክሩን ነጋዴ ረገመ፣ ክሩን ያመጣውን መኪና ረገመ፤ አው ዩስፍ ግን በግድግዳው ወዲያ ሲያስሉ ይሰሙኝ ነበር፤ ሳል ግን አልነበረም። አንድ ቀን ወደ ቤት ስንመለስ ጥሩወርቅ እንደ ምሥጢር ጆሮዬን ይዛ «ስሙ እኮ ግርማቸው ነው» አለችኝ። ማን ነገረሽ ብላት ጠየቅኩታ አለች፤ በዚያ ሁሉ ዘመን ከመኪና ግርግር ሰው ስሙን የጠየቀችው እሷ ብቻ ነበረች።

አባቴ ወታደር ወዳጅ ነው እንጂ አማች አይሆንም ይል ነበርና እህቴ ሆዷ ፈራ። የሱ አንድ ጊዜ ለሽማግሌ የወጣ «አይሆንም» ደግሞ ማርያም ብትለምነውም አይመለስም፤ ይህን ሁላችንም እናውቃለን። አንድ እሑድ ታዲያ ከአዲሱ ከተማ ሦስት ሽማግሌዎች ነጫጭ ጋቢ ለብሰው መጡ፤ እንደ ደንቡ ካልተፈቀደልን አንቀመጥም ብለው ቆሙ። እኛ ከመጋረጃው ኋላ ነን፤ ጥሩወርቅ ክንዴን ትቆነጥጣለች። ልጅዎን ለልጃችን ልንለምን ነው አሉ፤ ልጃቸውም ሃምሳ አለቃ ግርማቸው እንደሚባል፣ የጎጃም ሰው፣ የጨዋ ልጅ መሆኑን ዘረዘሩ። አባቴ ወታደር መሆኑን ሲሰማ ፊቱ ጠቆረ፤ ግን ሽማግሌ አይዋረድምና፣ አጣርቼ በሚመጣው እሑድ መልስ እሰጣለሁ ብሎ ሸኛቸው። ሴት ልጅ እኔ አውቀዋለሁ ማለት ነውር በሆነበት ቤት እህቴ ምን ትበል?

በማግስቱ ያላት ማጣራት ተጀመረች። ሽንኩርት ሻጯ ግርማቸው የሚባል አላውቅም አለች፤ ሻይ ቤቱም ቆሎ አዟሪውም እንደዚያው። ማን ይወቅ? ስሙን የሸፈነባቸው ራሱ አባቴ አይደል። ሰውየው እዚህ የማይደርስ ትዕቢተኛ መሆን አለበት ብሎ ገና ሳያየው ቂም ያዘበት። በመጨረሻ አው ዩስፍን አማከራቸው። እሳቸውም ጢማቸውን አሻሽተው፣ ወታደር የወታደርን ነውር ይሸፍናልና ሌላ ማንንም እንዳይጠይቅ፣ የማይዋሽ አንድ ደንበኛ እንዳለው፣ እሱን አስቀምጦ እንዲጠይቅ መከሩት። እኔ ዛሬም ድረስ አው ዩስፍ አውቀው ነው እላለሁ።

ቅዳሜ ኮቾሮ የተበጠሰ ቁልፍ ይዞ መጣ። አባቴ ሻይ አዘዘለት፣ የሱቁን አንድ መዝጊያ ገርበብ አደረገ፤ እኔና ጥሩወርቅ ከተሰቀሉት የካኪ ልብሶች ኋላ ዘርፍ ላይ ነን።

«ካምፓችሁ ውስጥ ሃምሳ አለቃ ግርማቸው የሚባል ታውቃለህ?» አለው።

ኮቾሮ ብርጭቆውን አስቀመጠ። «አውቀዋለሁ ጋሼ።»

እንዴት ያለ ሰው እንደሆነ ሳይደብቅ እንዲነግረው አባቴ ለመነው። ሌላ ሰው ቢሆን እዚህች ላይ ወይ ይስቃል ወይ ራሱን ያመሰግናል። ኮቾሮ ግን መለዮውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ አለቃ ፊት ሪፖርት እንደሚያቀርብ ሰው፣ ግርማቸው ሲያኮርፍ ሁለት ቀን እንደማይናገር፣ ሲያንኮራፋ የመኝታ ቤቱ ወታደር ሁሉ እንደሚማረር፣ ግትር መሆኑን፣ በነቀዘ ባቄላ ምክንያት ከአለቃው ጋር ተከራክሮ መቀጣቱን፣ ዘፈን ቢሞክር ሰው እንደሚበትን አንድ በአንድ አስረዳ። መጠጥ አይወድም፣ ይህችን ብቻ ጨመረለት። አባቴ በእያንዳንዱ ላይ «ታዲያ!» እያለ ራሱን ይነቀንቃል። ከካኪው ኋላ የእህቴ መርፌ ቆሟል።

«እህት ብትኖርህ ትሰጠው ነበር?» አለው አባቴ።

ኮቾሮ መለዮውን ጉልበቱ ላይ አቃና። «አልሰጠውም» አለ። «ወታደር ነው ጋሼ። ነገ የት እንደሚላክ አያውቅም። እህቴ ዜና ስትጠብቅ እንድታረጅ አልፈልግም።»

አባቴ ጭኑን መታ፤ ከጉድ አወጣኸኝ፣ እግዜር ይስጥህ፣ ነገ ሽማግሌዎቹን አይሆንም ብዬ እመልሳለሁ አለው። ኮቾሮም እሺ ጋሼ ብሎ መለዮውን አነሣ። ፊቱ እንደ ጨርቅ ነጥቷል፤ ግን ተነሣ፣ ሊሄድ! ያኔ ነው ጥሩወርቅ ካኪውን ሁሉ በላይዋ አፍርሳ ብቅ ያለችው፣ አንድ እጅጌ አንገቷ ላይ እንደተጠመጠመ።

«አባዬ፣ ግርማቸው እሱ ነው!» ካለች በኋላ ወደ ሰውየው ዞረች። «አንተስ ምን ሆነህ ነው ራስህን የምትከሰው?»

የአው ዩስፍ መኪና ቀጥ አለ። አባቴ አንዴ እሷን አንዴ እሱን አየ።

«ስምህ ግርማቸው ነው?»

«አዎ ጋሼ።»

«ይህን ሁሉ ዘመን ሱሪህን ስሰፋ ለምን አልነገርከኝም?»

«አልጠየቁኝም።»

ከግድግዳው ወዲያ የአው ዩስፍ ድምፅ መጣ፦ «ወላሂ በየነ፣ ስጠው። በራሱ ላይ እንዲህ የመሰከረ ሰው በልጅህ ላይ አይዋሽም።»

እሑድ ሽማግሌዎቹ መጥተው ቆሙ፤ አባቴም እንዲቀመጡ ፈቀደ። በሠርጉ ዕለት አማቼን ኮቾሮ ብሎ የሚጠራ ከዛሬ ጀምሮ ከቤቴ ቀኝ ኋላ ዙር ይባላል ብሎ አዋጅ አስነገረ፤ ምሽግም ኮዳም ካርታም እሺ አሉ። (ካርታ ቤቱን አጥቶ ምሳ ሊያልቅ ሲል ነው የደረሰው።) ከዚያ ሊመርቅ ተነሣ፤ እጁን ዘርግቶ፣ ልጆቼ ውለዱ ክበዱ፣ አንተ ኮቾሮም አለና ድንኳኑ ሙሉ በሳቅ ወደቀ። አዋጁ በዚያው ሞተ።

ሃምሳ አለቃው በራሱ ላይ የመሰከረው ግን እውነት ነበር። ጦር ሜዳ ተላከ፣ እህቴም ዜና ጠበቀች፣ ብዙ ዓመት። አኩርፎም ቢሆን በሕይወት ቢመለስልኝ ትል ነበር። አንድ እግሩን እየጎተተ ተመለሰ። አባቴ ኮዳስ ሲለው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ወርቁ ነበር ስሙ፣ ሞቷል አለ፤ የኮዳን ስም ያወቅነው እንዲያ ነው። አባቴ ያን ቀን አለቀሰ። ከዚያ በኋላ ለመጣ ደንበኛ ሁሉ ሜትሩን ከመዘርጋቱ በፊት ስሙን ከነአባቱ ይጠይቅ ነበር፤ ቅጽል ስም ማውጣቱን ግን አልተወም።

አማቻችን በአባቴ የስፌት መኪና ላይ እየሰፋ አረጀ። መንገዱ ሁሉ ጋሼ ኮቾሮ ነው የሚለው፤ ብስኩቱን በዐይናቸው አይተው የማያውቁ ልጆች ጭምር። እኔም እንደዚያው። ግርማቸው የምትለው ጥሩወርቅ ብቻ ነበረች፤ ከጓዳ ሆና፣ መጨረሻዋን ሳብ አድርጋ፣ ስትቆጣውም ስትወደውም በዚያችው ድምፅ።

እህቴ አምና አረፈች። ለቅሶ ላይ የመጣው ሰው ሁሉ የኮቾሮ ሚስት ናት የሞተችው እየተባባለ ነው የገባ። ከአርባዋ በኋላ ምግብ ይዤለት ስሄድ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ፣ ሳያለቅስ፣ እንደዚያው እንደ ሪፖርት፣ «ግርማቸው የሚለኝ ሰው አለቀ» አለኝ። በማግስቱ ከደጅ እንደገባሁ፣ ደስ ይለው መስሎኝ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ «ግርማቸው!» አልኩት። ቀና አለ፤ ፊቱም በራ። ግን ያየው እኔን አይደለም፤ የጓዳውን በር ነው። ከዚያ ወዲህ ኮቾሮ ነው የምለው።