ሁለት ጊዜ የተፈረመ ስም

እትዬ ፋይል እንላቸዋለን፤ የምክር ቤታችን መዝገብ ቤት ኃላፊ ናቸው። ሃያ ዓመት አብሬያቸው ስሠራ እንደሳቸው ያለ ግትር ሰው አላየሁም።

መዝገብ ቤታችን ሰውን የሚያስቀምጠው በስሙ ብቻ ነው። ከድሮ ጀምሮ ስንት ሞክሼ ፖለቲከኛ ተመርጦ ሁሉም አንድ ፋይል ውስጥ ገብቷል። በወረቀታችን መሠረት አንድ ሰውዬ ዘጠና ዓመት ሙሉ ተመርጧል። አቤት ዕድሜ!

ያ ስም የምክር ቤት አባል የነበሩት የእትዬ አባት ስም ነው። የሰፈሩ ትምህርት ቤትም የሚጠራው በዚሁ ስም ስለሆነ፣ እትዬ በበሩ ሲያልፉ ደረታቸውን ይነፉ ነበር። ታዲያ በቀደም ከፋይሉ ውስጥ የልጆች መጫወቻ ሜዳ በድብቅ የተሸጠበት ውል ወጣ። የምክር ቤቱ ሰብሳቢ «የሌባ ስም በር ላይ አይቆይም፣ ዓርብ ይነሳል» አሉ።

«አባቴ ሌባ አይደለም! ሞክሼው ነው፤ አገኘዋለሁ» አሉ እትዬ።

«እትዬ፣ ሦስት ቀን እኮ ነው የቀረው» ብላቸው፣

«ዝም ብለህ መሰላሉን ያዝ!»

የአቧራውን ነገር ተዉት። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ አንድ የድሮ የስብሰባ መፈረሚያ መዝገብ ተገኘ። በአንድ ቀን፣ በአንድ ገጽ ላይ ያ ስም ሁለት ቦታ ተፈርሟል። የዘመኑ ጸሐፊ ሁለተኛውን በቀይ ሰርዞ «ተደግሟል» ብሎበታል። ሰውዬውን ከነሕይወቱ ሰረዘው እኮ!

«ሁለት ናቸው! አላልኩህም?» እልል ሊሉ ምንም አልቀራቸው።

ከዚያ ለማመሳከር ከቦርሳቸው የልጅነት የትምህርት ቤት ካርዳቸውን አወጡ፤ አባታቸው የወላጅ ቦታ ላይ ፈርመውበታል። ከውሉ ጎን አስቀመጡት። ፊርማው ቁርጥ አንድ ነው። ትምህርት ቤቱ እንዲሠራ በተወሰነበት ወረቀት ላይ ያለው ፊርማ ደግሞ የዚያ የተሰረዘው ሰውዬ ነው።

«ማንም አላየም እትዬ፤ ፋይሉን ስንከፍል ውሉን ከዚያኛው ሰውዬ ጋር ብናደርገውስ?» አልኩ። አዎ፣ እኔ ነኝ ያልኩት። እስካሁን ያሳፍረኛል።

«በኔ መዝገብ ቤት? አፍህን ያዝ!»

ዓርብ ወረቀቶቹን ሰብሳቢው ፊት ዘረጉ። «ትምህርት ቤቱን ያሠሩት ሰው ስማቸው አይነካም። ሜዳውን የሸጠው የኔ አባት ነው» አሉ።

ተመልሰው ፋይሉን ለየብቻው ከፋፈሉ። የአባታቸው ላይ ካርዱን በስፒል አያያዙና «ለፊርማ ማመሳከሪያ» ብለው ጻፉበት። ጎንበስ ብዬ ካርዱን አየሁት። በዚያ ዓመት ከክፍላቸው አንደኛ ወጥተው ነበር፤ አባታቸው ከፊርማቸው በላይ «ጎበዝ ልጄ» ብለውበታል።