ሁሌ የሚቀድመው ባል

በየእሑዱ የሰፈር ሩጫ ላይ ውሃ የምታድለው ሴትዮ ያንን ሰውዬ ባየችው ቁጥር ያቅለሸልሻታል። ስሙን እንኳ አታውቀውም። ከሚስቱ ጋር አንድ ዓይነት ቀይ ማሊያ ለብሶ ይመጣል፤ ሩጫው ሳይጀመር ተንበርክኮ የጫማዋን ክር ጥብቅ አድርጎ ያስርላታል። ያየ ሁሉ "ባል ማለት እንዲህ ነው!" ይላል።

ዛሬም ሚስትየዋ ቀድማው መጣች። መጨረሻው መስመር ላይ ልትደርስ አሥር እርምጃ ሲቀራት ቆመችና እሱ ያሰረላትን ክር ፈትታ እንደገና ማሰር ጀመረች። ባልየው እያለከለከ አልፏት ገባ። ምራቁን እንትፍ ብሎ፣ "ጎበዝ ናት እኮ፣ መጨረሻ ላይ ትንፋሽ ያጥራታል እንጂ!" አለ ለጓደኞቹ።

ሴትዮዋ ውሃ ስታቀብላት፣ ሚስትየዋ የሮጠች እንኳ አትመስልም።

"ምነው የኔ ልጅ፣ አታልፊውም እንዴ?" አለቻት ቀስ ብላ።

"አንዴ አልፌው ነበር። ወር ሙሉ አላናገረኝም።"

ይሄኔ ባልየው እየሳቀ እጁን ዘረጋ። "እማማ፣ ለአሸናፊውስ?"

ሴትዮዋን አንገሸገሻት። "የቀደመችው እሷ ናት! በዓይኔ አይቻለሁ!" አለች ጮክ ብላ።

"ኧረ እማማ፣ ተሳስተዋል!" አለች ሚስትየዋ፣ ዓይኗን ከባሏ ፊት ሳትነቅል። "እሱ ነው የቀደመው።"