ከጠበል ስመለስ ይገዛል

ትናንት ጎረቤቴ መጥታ «እትዬ፣ ልጄ በመርከብ ላንሸራሽርሽ ብሎኛል፤ ያ የጉዞ ኢንሹራንስ የሚሉት ነገር መቼ ነው የሚገዛው?» ብላ ጠየቀችኝ።

«ቲኬቱ በተከፈለበት ቀን ነው። ነገ እንዳትዪ» አልኳት።

እሷ ከሄደች በኋላ እኛ በመርከብ የሄድንበት ሰሞን እንዳለ ተመልሶ መጣብኝ። ትምህርቴ ፊደል ከመቁጠር ብዙም አያልፍ፤ ቢሆንም እንደሆነልኝ ልጻፈው ብዬ ተቀመጥኩ።

ባለቤቴ እዚህ ጎንደር በአንድ ደብር የዜማ መምህር ነበሩ። ተማሪዎቻቸው የኔታ ይሏቸዋል፤ እኔም ከነሱ አፍ ለምጄ የኔታ ስላቸው አረጀሁ። የተወለዱት ጃናሞራ ነው፣ ከመካነ ብርሃን ወዲያ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ስለ ባሕር ሲያዜሙ ኖረው ባሕር አላዩም። በየጥምቀቱ ቀሐ ወንዝ ስንወርድ ውኃውን ትክ ብለው ያዩታል። አንድ ጊዜ ልጆቹ ጎርጎራ ወስደው ጣናን አሳዩዋቸው፤ ሲመለሱ ምን አሉ? «ሸጋ ነው። ግን ማዶው ይታያል። እኔ የምመኘው ማዶ የሌለው ውኃ ነበር።»

ይኼን ወንዱ ልጃችን ሰማ። ዱባይ ሆቴል ውስጥ ይሠራል። አንድ ቀን ማታ፣ ራት ልናቀርብ ስንል፣ ደወለ። ሴቷ ልጃችን፣ እዚሁ ሆስፒታል ነርስ የሆነችው፣ ሁላችን እንድንሰማው ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«አባ፣ የመርከቡን ዛሬ ከፈልኩ። እርስዎ፣ እማ፣ እህቴና እኔ። አራታችንም አንድ ላይ።»

የኔታ እንደ ሕፃን ሳቁ። ልጄ ግን ሳቁ ሳያልቅ «ኢንሹራንሱስ?» አለችው።

«እሱን ነው የምልሽ። አሁኑኑ ይገዛ። የአባን ልብ የሚቀበሉት ቲኬቱ በተከፈለ በጥቂት ቀን ውስጥ ከተገዛ ብቻ ነው። ካለፈ የድሮ ሕመም አንይዝም ይላሉ።»

የየኔታ ልብ መድከሙን ሐኪም ከነገረን ቆይቷል። ኪኒናቸውን ጠዋት ጠዋት በእጄ ነበር የምሰጣቸው።

«ምን ይሠራልናል?» አልኩ እኔ።

«መንገድ ላይ ቢታመሙ ያሳክማል፣ እማ። ሌላም ነገር ቢመጣ ወደ አገር ይመልሳል» አለች ልጄ፣ ዓይኗን ወደ ስልኩ አድርጋ።

ሌላም ነገር ያለችው ገባኝ። ከዚያ በፊት አንዷ ባልቴት ባሕር ላይ የሞተውን በጨርቅ ጠቅልለው ውኃ ውስጥ ይጥሉታል ብላኝ ነበር። የሰፈሩን ሰው ሁሉ ፍትሐት አድርሰው የሸኙ ሰው፣ ያለ ፍትሐት፣ ያለ ዘመድ ልቅሶ፣ ማንም በማያውቃቸው ባዕድ አገር ሲቀሩ ታየኝ።

እሳቸው ግን ገና ጨዋታ ላይ ናቸው። «እንዴ! ስለት እንኳ በሰላም ሲመለሱ ነው የሚሰጥ። ይኼ ሳይሄዱ ተከፍሎ፣ በሰላም ከተመለሱ ቀልጦ የሚቀር? ይኼ የተገለበጠ ስለት ነው!»

«አባ፣ ዕድር በሉት። ዕድር ቤት ውስጥ ሰው ታሞ ከተኛ በኋላ ይመዘግባል?» አለች ልጄ።

«አይመዘግብም።»

«እንግዲያው!»

«ዕድር ቀባሪ ነው፣ ልጄ። እኔ መንገድ ልሄድ ነው፤ ምነው ከወዲሁ ትቀብሩኛላችሁ?»

ከዚያ ልጄ የኢንሹራንሱ ቅጽ ልባቸውን ታመው ያውቁ እንደሆነ መጠየቁ እንደማይቀር፣ አዎን ተብሎ መሞላት እንዳለበት ነገረቻቸው። ያን ጊዜ ጨዋታቸው ቆመ። ባደጉበት አገር ለመንገድ የተነሣ ሰው በሽታውን በአፉ አይጠራም፤ መንገደኛን ወደ ኋላ እንደ መጥራት ነው።

«መጀመሪያ ጠበል ልግባ» አሉ። «ወደ አገሬ ወጥቼ ሱባኤ ልያዝ። ሲቀለኝ፣ ያን ጊዜ ይገዛል። ከጠበል ስመለስ ይገዛል።»

«ስንት ቀን ነው፣ አባ?»

«ሁለት ሱባኤ።»

ልጄ ሁለት ጊዜ ሰባት ቀን በጣቷ ቆጠረችና «ያልፋል እኮ፣ አባ» አለች። እሳቸው ግን ተነሥተው እጃቸውን ታጠቡ። በኛ ቤት ሱባኤ ልግባ ያለ ሰው አይያዝም። እሳቸው ሳይፈቅዱ መግዛትም የአባትን ቃል መስበር ነው። ወንዱ ልጅ በስልኩ ውስጥ «እሺ፣ ይጸልዩልን» አለ። እኔም ብሆን፣ እውነቱን ልናገርና፣ ጠበሉን ነበር ያመንኩት።

ሱባኤ ላይ ስልክ አይያዝም። ድምፃቸውን ሳልሰማ ሰነበትኩ። የሚመለሱበት ቀን ሲደርስ ቤት መቀመጥ አቃተኝና ከከተማው ዳር ወለቃ ወጣሁ፤ ከጃናሞራ በደባርቅ በኩል የሚመጣ ማኪና ሁሉ በዚያ ያልፋል። መንገድ ዳር ሸክላ ከምትሸጥ ልጅ አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ።

«እማማ፣ እንደ ገዢ ተቀምጠው ገበያዬን ዘጉት እኮ! ማንን ነው የሚጠብቁ?»

«የኔታን።»

«በሉ ይችን ገንቦ ውኃ ሞልቼ አጠገብዎ ላቁምልዎ። ሙሉ ገንቦ ለመንገደኛ ገድ ነው» ብላ ሳቀችብኝ። እውነትም ሞላችው።

ሚኒባሱ ሲቆም የኔታ የማንንም እጅ ሳይዙ ወረዱ። ፊታቸው ጠርቷል፤ እርምጃቸው የወጣት ሆኗል።

«ምነው እስከዚህ መጣሽ?»

«ዕቃ ልገዛ ነው።»

«ዕቃውስ?»

ልጅቷ ሳቋን በነጠላዋ እያፈነች አንዲት ትንሽ ድስት አቀበለችኝ። የኔታ ድስቷን ተቀብለው እስከ ቤት ድረስ እየሳቁብኝ ተሸከሙልኝ። ያን ዕለት የጎንደር ፀሐይ እንኳ ለኛ የወጣች ትመስል ነበር።

ቤት እንደገቡ «በሉ አሁን ግዙ» አሉ።

ልጄ አቀረቀረች። ወንድሟ በስልክ «አባ፣ ቀኑ አልፏል። ለሌላው ሕመም ይሆናል፤ ለልብዎ ግን አይሆንም» አላቸው።

«ድኛለሁ እኮ።»

«እነሱ ጠበል አያውቁም፣ አባ። ምናልባት... ታምሜ አላውቅም ብለን ብንሞላስ?»

«ድኛለሁ ብዬ አምናለሁ። አልታመምኩም ብዬ ግን አልዋሽም» አሉ የኔታ። ከዚያ ወደኔ ዞሩ። «አንቺ ቁረጪ። ቅሩ ካልሽኝ እቀራለሁ።»

ይቅር የሚለው ቃል ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። ግን ያን ቀሐ ላይ ውኃውን ትክ ብለው ሲያዩ የነበረ ዓይናቸውን አየሁት። «እንሄዳለን» አልኩ። በማግስቱ ደብሩ በር ላይ ተደፍቼ፣ በቁማቸው ከመለስክልኝ ጃንጥላ አገባለሁ ብዬ ተሳልኩ። የቀረን ዋስትና ይኸው ነበር።

መርከቡ እንደ ከተማ ነው፤ ሊፍት አለው፣ ሱቅ አለው። ልጆቹ ይስቃሉ፣ ፎቶ ያነሣሉ፣ እርስ በርስ ይሳደባሉ፣ እንደ ልጅነታቸው። የኔታ ሥጋውን አልነካም ብለው ከቤት የያዝነውን በሶ በሙዝ ይበላሉ። «መምህር ናቸው» እያለ ልጄ ለአስተናጋጁ ያስረዳል። አራታችን አንድ ገበታ ላይ እንዲያ የተቀመጥነው ያኔ ነው፤ ከዚያ በኋላ አልሆነልንም።

የመጀመሪያው ቀን መሬቱ ከኋላችን ሲጠፋ ጋቢያቸውን ደርበው የመርከቡ አጥር ጥግ ቆሙ። ነፋሱ ጋቢውን ያርገበግበዋል። ብዙ ቆዩ። በኋላ በቀስታ ማዜም ጀመሩ። እኔ ከጎናቸው ሆኜ በዜማው መካከል ትንፋሽ ሲስቡ እጠብቃለሁ። ትንፋሹ ትንሽ የዘገየ ሲመስለኝ የኔም አብሮ ይቆማል።

«ምነው እኔን ታያለሽ፣ ሴትዮ? ባሕሩ በዚያ ነው!»

«ባሕሩ የትም አይሄድ» አልኳቸው።

በሰላም ተመለስን። ጃንጥላውን አገባሁ። የኔታ ያረፉት ከዚያ ወዲህ ነው፣ በክረምት፣ በገዛ አልጋቸው ላይ። ተማሪዎቻቸው እያዜሙ ደብራቸው ውስጥ አኖሯቸው፤ የፈራሁት አልደረሰም።

ሰው ሲሰበሰብ ልጄ የመርከቡን ቪዲዮ ትከፍትና «እማ፣ ባሕሩ እንዴት ነበር? ንገሪያቸው» ትለኛለች። ሰማያዊ ነበር እላለሁ፤ ሰው ሰማያዊ ነው ሲል ሰምቼ። እኔ ባሕሩን አላየሁትም። ያየሁት ነጭ ጋቢ ነው፤ ደረታቸው ላይ ከፍ ሲል፣ ዝቅ ሲል፣ ደግሞ ከፍ ሲል።