«ሌፍት» የምትባል ቃል አርጆ ድረስ የወሰደችኝ ጉዞ

ጥሎ ሄደ ተብሎ ተጽፎብኛል። ጥዬ አልሄድኩም። አርጆ ውስጥ የቡና መጋዘን አሥራ አንድ ዓመት ጠብቄያለሁ። ከዚያ ሁሉ የቀረሁት አንድ ወር ነው፤ እሱንም ወንድሜን ልቀብርና ልቅሶ ልቀመጥ አስፈቅጄ። መጋዘኑ ሲዘጋ የሰጡኝ የእንግሊዝኛ ደብዳቤ ግን «ሌፍት» ይላል።

ያኔ በአማርኛም ማንበብ አልችልም ነበር። ማኅተሙን አይቼ ምስጋና መሰለኝና በመስታወት አስገብቼ ነቀምት ባኬ ጃማ ሰፈር ካለው ቤቴ ግድግዳ ላይ ሰቀልኩት። እንግሊዝኛ የሚያነቡ እንግዶች ከሥሩ ቁጭ ብለው በልተው ሄደዋል። አንዳቸውም ትንፍሽ አላሉም። ሥራ ስፈልግ ከነመስታወቱ አቅፌው እዞር ነበር። «እንጠራሃለን» ይሉኛል። የጠራኝ የለም። ስድስት ዓመት ጆንያ ተሸከምኩ።

ፊደል የቆጠርኩት፣ የአማርኛውንም የእንግሊዝኛውንም፣ በአርባ ስምንት ዓመቴ ነው። ዘንድሮ አንድ ክሊኒክ ዘበኛ ሲፈልግ ሄድኩ። ኃላፊዋ ደብዳቤውን አነበበችና፣ «ኦቦ ታደሰ፣ ጥሎ የሚሄድ ዘበኛ ምን ያደርግልኛል?» አለች። እውነቱን የነገረችኝ እሷ ብቻ ናት። «እስከ ዓርብ አስተካክለው ካመጡ ሥራው የእርስዎ ነው። ካልሆነ ሌላ ሰው እቀጥራለሁ።»

ረቡዕ ተነሣሁ።

ጠዋት አንድ ሰዓት፣ ነቀምት መናኸሪያ

የሚኒባሱ ሒሳብ ሁለት መቶ ብር ነው። መስታወቱን በጆንያ ጠቅልዬ ጭኔ ላይ አኖርኩት። ረዳቱ «ፋዘር፣ ሥዕለ አድኅኖ ነው እንዴ?» አለኝ።

«የለም፣ ስድቤ ነው።»

ሌሊቱን የዘነበው ዝናብ መንገዱን አጭቅይቶታል። ያገለገለ መዝገበ ቃላት ገዝቼ ነበር። «ሌፍት» ብዬ ባወጣ ያገኘሁት «ግራ» ብቻ። አጠገቤ የተቀመጡት አዴ ጫልቱ፣ ጡረታ የወጡ የእንግሊዝኛ አስተማሪ፣ ጣቴን ሲከተሉ ቆዩ።

«ምን ይላል፣ ወንድሜ?»

«ግራ ይላል፣ እትዬ። ዘበኛው ግራ ሥራውን። ግራ ገብቶኛል።»

ሳቁ። «ያ ሌላ ነው። ይኼኛው ግሥ ነው፤ አባቱ ‹ሊቭ› ይባላል። ሌላው ግሥ ጊዜው ሲያልፍ ጭራው ላይ ‹ድ› ይቀጥላል። ይኼ ግን መልኩን ይለውጣል።»

«ስሙን ቀይሮ የሚዞር ሌባ ነዋ።»

«እንግዲህ በአባቱ ስም ፈልገው።»

ፈለግሁት። «ሊቭ» ከሚለው ሥር መሄድ አለ፣ መተው አለ፣ ፈቃድ አለ። ጣቴ ፈቃድ ላይ ቆመ።

«ፈቃድም ነው እንዴ?»

«አዎ፣ ሠራተኛ የሚወጣው። እሱ ግን ስም ነው፤ ስም ደግሞ አያልፍም። ዱሮም ሊቭ፣ ዛሬም ሊቭ።»

ጆንያውን ገልጬ ደብዳቤውን አሳየኋቸው። የወንድሜንም ነገር ነገርኳቸው። «ያ ረቢ!» አሉ፤ ከዚያ በኋላ አልሳቁም።

ጌተማ

ሚኒባሱ ቁርስ ላይ ቆመ። አንጮቴ በቅቤ አዘዝን፤ ድንች የሚመስል የወለጋ ሥራሥር ነው፣ ያጠግባል። እኔ ከሁለት ጉርሻ አልዘለልኩም። አዴ ጫልቱ እጃቸውን ታጥበው፣ «ፈቃድ ላይ ነበር» የሚለውን ትክክለኛ እንግሊዝኛ በወረቀት ጽፈው ሰጡኝ። የእኔን ሒሳብም ከፍለው ኖሯል። ተቆጣሁ፤ አልሰሙኝም።

አርጆ፣ አራት ሰዓት ተኩል

መጋዘኑ ቢዘጋም የባለቤቱ ቢሮ አለ። የያኔው ጸሐፊ ገመቹ ዛሬ ኃላፊ ሆኗል።

«አካም ጅርታ፣ ኦቦ ታደሰ! ፀጉርህ ነጣ እኮ።»

«አንተ ነህ ያነጣኸው።» መስታወቱን ጠረጴዛው ላይ አኖርኩ። «ይህን ማን ጻፈ?»

«እኔ። አለቃችን ‹የቀረበት ወር እንዳይጎዳው፣ ፈቃድ ላይ ነበር ብለህ ጻፍለት› አለኝ። ፈቃድ ሊቭ ነው። ነገሩ ደግሞ ያለፈ ነው። ሊቭ ሲያልፍ ሌፍት!» እንደ ተማሪ በጣቱ ቆጠረልኝ።

ስድስት ዓመት ጆንያ ያሸከመኝን ጠላት ፍለጋ መጥቼ ያገኘሁት ትምህርቱን የሸመደደ ሰው ነው። ይህ ይበልጥ አናደደኝ።

«ፈቃድ ስም ነው» አልኩት። «ስም አያልፍም።» ወረቀቱን ሰጠሁት። ሁለቴ አነበበው።

«አንድ ቃል እኮ ናት፣ ኦቦ ታደሰ...»

«እኔም አንድ ወንድም ነበረኝ።»

ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አኖረና «ዲፋማ» አለኝ። ይቅርታ ማለቱ ነው፤ የቃሉ ሥር በኦሮምኛ መተው ነው፤ ተውልኝ እንደ ማለት።

«መጀመሪያ ጻፍ።»

ጻፈ፣ ፈረመ፣ ማኅተም መታ። ጮክ ብሎ እንዲያነብልኝ አደረግሁ። ከዚያ በራሴ ዓይን፣ ፊደል በፊደል፣ ደገምኩት። አሮጌውን ደብዳቤ ተውኩለት። ጥፋቱን ግን አልተውኩለትም።

ወደ ቤት

በአሥር ሰዓት ነቀምት ገባሁ። ከዚህ ጉዞ የተማርኩት ይህን ነው፦ ያላነበብከውን ወረቀት ግድግዳ ላይ አትስቀል። የሚያነብ ሰው ካለህም ቁጭ አድርገህ ጠይቀው፤ ካልጠየቅኸው አብልተህ ትሸኘዋለህ።

ዓርብ ክሊኒኩ ቀጠረኝ። ነገሩ ያለቀው ግን ያን ዕለት አይደለም። ከወራት በኋላ ለወንድሜ መቃብር አጥር ላሠራ የአምስት ቀን ፈቃድ ወጣሁ። ደግሞ ጥሎ ሄደ እንዳልባል እየፈራሁ ተመለስኩ። ወንበሬ በር ላይ፣ እንደተውኳት፣ ቦታዋ ላይ ነበረች። ቁጭ አልኩባትና ለገመቹ ደወልኩለት።

«ተውኩልህ» አልኩት።

ነገሩ ያለቀው ያን ዕለት፣ ኅዳር 14 ቀን ነው።